ትምህርት አሥራ አራት፦ ቁጥርና ማሰሪያ አንቀጽ

ሳይንሳዊ ጉዳይን በሚገልጽ ድርሰት ውስጥ ቁጥር አይታጣም። ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን የተሟላ ሐሳብ አይሰጥም፤ ፍቺውን የሚወስነው አብሮት የሚገባው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ይህን ለመረዳት ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ እያንዳንዱ ቁጥር በምን ዓይነት ግሥ እንደ ታሰረ አስተውሉ።

ምንባብ፦ በሕፃናት ዓይን ውስጥ የሚበቅለው ዕጢ

ሬቲኖብላስቶማ በሕፃናት ዓይን ውስጥ የሚነሣ አደገኛ ዕጢ ነው። የሚበቅለውም ሬቲና ከተባለው፣ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ተነጥፎ ብርሃንን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አምስት ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ ነው። በመጀመሪያ ሕመም ስለማይኖረው ልጁ አያለቅስም፣ ጨዋታውንም አያቋርጥም። ምልክቱ የብሌኑ ጥቁረት ቀርቶ በምትኩ ነጭ ነጸብራቅ መታየቱ ነው። እናት ልጇን በመብራት አጠገብ ስታጠባ ወይም ልጁ በብልጭታ ፎቶግራፍ ሲነሣ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ነገር ይታያል። አንዳንዱም ልጅ ዓይኑ ይንሸዋረራል።

የበሽታው መነሻ በአብዛኛው አር.ቢ. 1 የተባለው ጂን መጎዳቱ ነው። ከታማሚዎቹ መካከል 40 በመቶ ያህሉ ጉዳቱን ይዘው ስለሚወለዱ ለልጆቻቸው ሊያወርሱት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የ48 ሕፃናትን መዝገብ መርምሮ ዕጢው እንዲነሣ ሁለት ተከታታይ ጉዳቶች ያስፈልጋሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በኋላ የተደረገው የጂን ምርምርም ሐሳቡን አጸናለት። ጥቂት ቁጥር እንኳ በአግባቡ ከተነበበ ምን ያህል እንደሚናገር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ዕጢ በሕይወት ከሚወለዱ ከ16,000 እስከ 18,000 ከሚደርሱ ሕፃናት መካከል አንዱን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በአገራችን በየዓመቱ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ሕፃናት ይወለዳሉ። ለስሌት እንዲያመች 3,600,000 ብለን ለ18,000 ብናካፍል ውጤቱ 200 ይሆናል። እንግዲህ ለአንድ መንደር እምብዛም የማይታየው በሽታ ለአገር ሲታሰብ የበርካታ ክፍሎች ተማሪዎችን የሚያህል ሕፃናትን በየዓመቱ የሚይዝ ነው።

ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ለሕክምና የሚመጡት ወደ አዲስ አበባ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራው ሆስፒታል የሚገኘው በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ተራሮች በታች፣ በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍልም በዚሁ ሆስፒታል ይሠራል። ዕጢው ገፍቶ ከሆነ የታመመው ዓይን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ መድኃኒት የሚያስፈልገውም ልጅ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ የመጣው ልጅና እዚያው የካ ሚካኤል አጠገብ የተወለደው ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ።

በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የሚይዘው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው። የእንጦጦ ጫፍ ዝናቡን ከፍሎ አንዱን ወደ አዋሽ፣ ሌላውን ወደ ዓባይ እንደሚሰድ ሁሉ፣ መዝገቡም በመኖሪያ ቦታ ይለያል። ይህም ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የሕዝቡ ብዛት ካልታወቀ በሽታው ከስንቱ ሰው ስንቱን እንደ ያዘ ማስላት አይቻልምና።

እ.ኤ.አ. በ2017 በበሽታው መያዛቸው የታወቀ፣ ከ153 አገሮች የተሰበሰቡ 4,351 ሕፃናት ተጠንተው ነበር። በሀብታም አገሮች በሽታው ሲታወቅ የልጆቹ መካከለኛ ዕድሜ 14 ወር ያህል ነበር፤ አገራችን በዚያን ጊዜ በተመደበችበት በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ ከ30 ወር በላይ ሆኖ ተገኘ። በነዚህ በኋለኞቹ አገሮች ከልጆቹ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ዕጢው ከዓይን አልፎ ነበር፤ በሀብታሞቹ አገሮች ግን ይህ የደረሰባቸው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። በጊዜ ከተደረሰበት ከመቶ ከ95 የሚበልጡት ልጆች የሚድኑበት በሽታ ስለ ሆነ፣ በመካከል ያለፉት አሥራ ስድስት ወራት የሕይወት ዋጋ አላቸው።

ማብራሪያ

አንድ ተማሪ ምንባቡን አንብቦ፣ «በየካ ክፍለ ከተማ የዓይን ዕጢ ከሌሎች ቦታዎች ሁሉ ይበዛል» ብሎ ቢጽፍ ሰዋስው አልተጓደለበትም፤ ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ተስማምተዋል። ነገር ግን የጻፈው ስሕተት ነው። «በየካ የታከሙ ሕፃናት» እና «በየካ የሚኖሩ ሕፃናት» የሚሉትን ሁለት ሐረጎች አደባልቋል። በስም ላይ የሚጨመረው ገላጭ ሐረግ አንድ ቃል ሲለወጥ የሚቆጠሩት ሰዎች ራሳቸው ይለወጣሉ።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የአሉታ ግሥ ነው። ለመልመጃ ያህል በአንድ ዓመት በአገሪቱ ሆስፒታሎች ሁሉ የታዩት ሕፃናት 120 ናቸው እንበል። ከተገመቱት 200 ላይ ሲቀነስ 80 ይቀራል። ስለ እነዚህ ሰማንያ ሕፃናት «አልታመሙም» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ «አልታዩም» ማለት ግን ይቻላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት በመንገድ ላይ፣ በጸበል ቦታ ወይም በቤት ውስጥ የቀሩ ልጆች ርቀት ነው።

«200 ሕፃናት ይጠበቃሉ» የሚለው አነጋገርም አሻሚ ነው፤ ጥበቃ ይደረግላቸዋል ወይም ይመጣሉ ማለት ሊሆን ይችላልና። «200 ሕፃናት በበሽታው ይያዛሉ ተብሎ ይጠበቃል» ሲባል ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

ስለ ቃላት ምርጫም ጥቂት እንጨምር። «ብርቅዬ በሽታ» የሚል አጻጻፍ አልፎ አልፎ ይታያል። ብርቅዬ ሲባል ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ እንደሚነገረው የሚወደድና የሚሳሳለት ማለት ስለ ሆነ ለዕጢ አይስማማም፤ «እምብዛም የማይከሠት» ማለት ይሻላል። «ነቀርሳ» የተባለውም ቃል ለካንሰርም ለሳንባ ሕመምም ሲነገር ስለ ኖረ፣ ቁጥር በሚጠቀስበት ድርሰት «ካንሰር» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

መልመጃ

ሀ. «ታየ»፣ «ተመዘገበ»፣ «ተከሠተ»፣ «ይገመታል» በተባሉት ግሦች በእያንዳንዳቸው ስለ ሬቲኖብላስቶማ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ። ቆጣሪው ማን እንደ ሆነ፣ የተቆጠሩትም እነማን እንደ ሆኑ በጎኑ አመልክቱ።

ለ. ከሱሉልታ የመጣው ልጅ በምኒልክ ሆስፒታል ቢታከም በየትኛው ቁጥር ውስጥ ይገባል? በየትኛውስ አይገባም? በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ።

ሐ. አንዲት እናት በልጇ ብሌን ላይ ነጭ ነጸብራቅ አይታ፣ «ልጄ አያመውም፤ ሲያድግ ይተወዋል» ትላለች እንበል። ይህችን እናት በአክብሮት አነጋግሮ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ የሚያስረዳ፣ ከስምንት መስመር የማይበልጥ አንቀጽ ጻፉ። ቢያንስ አንድ ቁጥር ይግባበት።