አባባ በባሕር ላይ ምን ሠሩ?

ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ ናት። በአሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት አሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ይጎትታሉ። አያታችን ግን ወደ ሐይቁ አይወርዱም ነበር። «አባባ፣ ለምን አይሄዱም?» ስንላቸው፣ «እኔ ውሃ ጠግቤአለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። በወጣትነታቸው በባሕር ኃይል ማገልገላቸውን እናውቅ ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነገሩንም።

ካረፉ በኋላ የቆርቆሮ ሣጥናቸው ተከፈተ። በውስጡ ሦስት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው የመልሕቅ ምልክት ያለበት የቀበቶ ዘለበት ነው። ሁለተኛው ግማሹ የተቀደደ ወረቀት ነው። ሦስተኛው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ አባባ አፍንጫዋ እንደ በር በተከፈተ ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ቆመዋል። የአባባን ሥራ ከእነዚህ ነገሮች ተነሥተን ለማወቅ ቆረጥን።

ዘመኑን ማወቅ

በፎቶግራፉ ጀርባ «ምጽዋ፣ ጁን 1978» ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ 1978ን በእኛ አቆጣጠር ወሰድነው። ሴት አያታችን ግን፣ «በ78 እኮ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። ይህ ገና ልጅ ነው» አሉ። እንደገና አነበብነው። «ጁን» የፈረንጅ ወር ነው። ወሩ የፈረንጅ ከሆነ ዓመቱም የፈረንጅ ነው ማለት ነው። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዘገያል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ጁን በእኛ ሰኔ ገደማ ስለሆነ 8 ቀነስን። ዓመቱ 1970 ሆነ። አንዲት ቃል ሳናስተውል ብናልፍ ኖሮ 8 ዓመት ተሳስተን እንቀር ነበር።

በ1970 ዓ.ም ምን ሆነ?

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ዋናው የጦር ሠፈሩ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በምጽዋ ነበር። በ1970 ዓ.ም መጀመሪያ የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወስደውን መንገድ ቆረጠ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ከተማዋን አጠቃ። የየብሱን ክፍል ያዘ። የባሕር ኃይሉ ሠፈርና ደሴቶቹ ግን በመንግሥት ጦር እጅ ቀሩ። ግንባሩ በጨው ማምረቻው ሜዳ አልፎ ወደ ሠፈሩ ለመግባት ሞክሮ ብዙ ሰው ሞተበት። ከበባው ወራት ፈጀ። በመኪና የሚገባ ነገር ስላልነበረ እህሉም፣ ጥይቱም፣ መድኃኒቱም በባሕርና በአየር ይመጣ ነበር።

የአባባ ጀልባ

ጀልባዋ ለምን ጠፍጣፋ ሆነች? የአሞራ ገደል ጀልባ ትንሽ ስለሆነች በእጅ ትጎተታለች። ትልቅ መርከብ ግን ታቹ ጥልቅ ነው፤ ወደ ዳር ሲጠጋ መሬት ይነካና ይቆማል። ስለዚህ ወደብ በሌለበት ቦታ ጭነትና ሰው ለማራገፍ ታቿ ጠፍጣፋ የሆነች ጀልባ ተሠራች። አሸዋው ላይ ወጥታ ትቆማለች፣ የፊት በሯ ይወርዳል፣ ሰውም መኪናም በዚያ ይወጣል።

ወደ ዳር መውጣቱስ ይሁን፤ ተመልሳ እንዴት ትገባለች? ይህን ሐዋሳ ውስጥ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ባሕረኛ ነገሩን። ሐዋሳ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች የሰፈሩባት ከተማ ናት። ዛሬም ሠራዊት ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎች አይጠፉባትም።

«አባቴ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» ብለን ፎቶግራፉን ሰጠናቸው። የሰውየውን ፊት ትተው ጀልባዋን ተመለከቱ። «ሰውየውን አላውቀውም። የቆመበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ» አሉ። «ይህ የኋላ መልሕቅ ጠባቂ ነው። ጀልባዋ ዳር ሳትደርስ መልሕቁን ከኋላ ይጥላል። ዕቃው ሲራገፍ ገመዱ ይጠቀለልና ጀልባዋን ወደ ውሃው ይጎትታታል። ገመዱ ብረት ነው። ካመለጠ እጅ ይቆርጣል።» ከዚያም ቀና ብለው፣ «እጁ ላይ ጠባሳ አልነበረውም?» ሲሉ ጠየቁን።

ደነገጥን። አባባ በቀኝ መዳፋቸው ላይ ረጅም ጠባሳ ነበራቸው። በቤታችን ግን የጥይት ነው ይባል ነበር። እኛም በጎረቤት ልጆች ፊት ስንኮራበት አድገናል።

ደብዳቤው

ለማረጋገጥ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፍን። «በዚህ ስም ፋይል የለም» የሚል መልስ መጣ። ተስፋ ቆርጠን ነበር። በኋላ የተቀደደውን ወረቀት ስናይ የአባባ ስም በ«ፀ» ተጽፏል። እኛ የጠየቅነው በ«ጸ» ነው! ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ፊደል እንዲፈለግልን አመለከትን። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ባሕር ኃይል የገቡበትን ዓመትና የሥራ ክፍላቸውን የሚገልጽ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «መርከበኛ፣ የማራገፊያ ጀልባ» ይላል። የቁስል ነገር ሲደርስ፣ «በሥራ ላይ በገመድ» ይላል።

ብዙ ወረቀት አለመገኘቱ አያስገርምም። ግንባሩ በየካቲት 1982 ዓ.ም ምጽዋን ያዘ። በግንቦት 1983 ዓ.ም የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ወደቦች ተበተኑ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነጻ አገር ሆነች። ባሕር ኃይሉም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። እንደገና መደራጀት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው።

እውነቱን መጻፍ

የገመዱን ነገር ለሴት አያታችን መንገር ፈራን። ሲሰሙ ግን ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሱ እኮ ጥይት ነው ብሎኝ አያውቅም። ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

በአንድ ደብተር ላይ ያገኘነውን ሁሉ ጻፍን። የአባባን ዓይነት ጀልባ የተከበበ ሰው የሚበላውን ዱቄት ታስገባ ነበር። ቁስለኛም ታወጣ ነበር። የምታራግፈው ግን ዱቄት ብቻ አልነበረም፤ ጥይትም ነበር። በጨው ሜዳው ላይ የወደቁትም እንደ እኛ የሚያለቅስላቸው ወገን ነበራቸው። ይህንንም አልተውነውም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል። ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌና ባልቴት ሳያልፉ ጠይቁ። የነገሯችሁን ከነዓመቱ ጻፉ። እኛ አባባን ሳንጠይቅ ነው ያለፉት።

ጥያቄዎች

1. «ማርች 1985» በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
2. ጠፍጣፋዋ ጀልባ መልሕቋን ከኋላ የምትጥለው ለምንድን ነው?
3. በመጀመሪያው ደብዳቤ ፋይሉ ያልተገኘው ለምንድን ነው? የእናንተስ ስም በስንት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ ይችላል?
4. በቤታችሁ ካሉ ሽማግሌዎች አንዱን ጠይቃችሁ፣ የሠሩትን ሥራ በአሥር መስመር ጻፉ።