ከበሮና ጭፈራ በካሪቢያን፤ ከመንደር ወደ መድረክና ወደ ትምህርት ቤት

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» ይላል የአገራችን ተረት። ይህ አባባል የካሪቢያን ደሴቶችን ከበሮና ጭፈራ ለመማር ለሚነሣ ሁሉ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ጥያቄም ይህ ነው፤ በመንደር የተወለደ ጭፈራ ወደ መድረክና ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ያተርፋል? ምንስ ይጐድልበታል?

አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የተወሰዱት ሰዎች በአእምሮአቸውና በአካላቸው ካለው በቀር የያዙት ንብረት አልነበረም። ገዢዎቹም ከበሮ ሰውን ይሰበስባል፥ ለዐመፅም ይጠራል ብለው ይፈሩት ነበር። በትሪኒዳድ እ.ኤ.አ. በ1881 በካርኒቫል ቀን ሕዝቡና ፖሊስ ከተጋጩ በኋላ፥ በ1884 ከበሮ መምታትን የሚከለክል ደንብ ወጣ። ሕዝቡ ግን ቀርከሃ እየቈረጠ መሬቱን በመውቃት ምቱን አቈየው፤ ኋላም ከተጣለ ጣሳና በርሜል የብረት ከበሮ ሠራ። ይህም መሣሪያ በ1951 ለንደን ድረስ ሄዶ ተሰማ።

የምቱን አሠራር ለመረዳት ግን አንድ ጭፈራ መርጠን ጠጋ ብለን ማየት ይሻላል። ምሳሌያችን የጃማይካው ኩሚና ነው። ይህን ያመጡት፥ ባርነት ከቀረ በኋላ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከመካከለኛው አፍሪካ በኮንትራት ሠራተኝነት የመጡ ሰዎች ሲሆኑ፥ በተለይ የሚገኘው በደሴቲቱ ምሥራቅ በሴይንት ቶማስ ነው። ለለቅሶም፥ ለምስጋናም፥ ለፈውስም ይደረጋል፤ ዓላማውም ከአባቶች መናፍስት ጋር መገናኘት ነው።

ከበሮዎቹ ሁለት ናቸው። ክባንዱ የተባለው ድምፁ ወፍራም ሲሆን ጽኑውን ምት ይጠብቃል። ፕሌይንግ ካስት የተባለው ድምፁ ቀጭን ሲሆን ይመራል፥ ምቱንም ይለዋውጣል። መቺው ከበሮውን አጋድሞ ይቀመጥበትና በእጁ እየመታ፥ በተረከዙ ቆዳውን እየተጫነ ድምፁን ይለውጣል። ከበስተኋላ ሌላ ሰው የከበሮውን እንጨት ካታ በሚባሉ በትሮች ይመታል። ጨፋሪዎቹ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ በክብ ይዞራሉ፤ እግራቸው ከመሬት ሳይለይ በጥቂት በጥቂቱ ይሳባል፥ ዳሌያቸው ይንቀሳቀሳል፥ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። መሪው ከበሮ ይናገራል፤ ጨፋሪውም በአካሉ ይመልሳል።

ጃማይካ ነጻ በወጣችበት በ1962 ሬክስ ኔትልፎርድና ኤዲ ቶማስ ብሔራዊ የጭፈራ ቲያትር ቡድን አቋቋሙ። አባሎቹ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ነበሩ። ኔትልፎርድ በኋላ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር እስከ መሆን የደረሱ ምሁር ሲሆኑ፥ በ1971 «ኩሚና» የተባለውን ሥራ በመድረክ አቀረቡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1970፥ ከቡድኑ የጭፈራ ትምህርት ቤት ተወልዶ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ የኤድና ማንሊ ኮሌጅ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። ሌሊቱን የሚዘልቀው ሥርዓት በመድረክ ላይ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ክቡም ተከፍቶ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞራል። ይህ ቅዱሱን ነገር ማርከስ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን መድረኩን አንነቅፍም፤ በገዢዎች ዘመን የተናቀውን ነገር ለአገሩ ልጆች በክብር አሳይቷልና። የምንፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም ተማሪው እርምጃውን «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያለ በቍጥር ብቻ ሲማር፥ ከበሮው ማጀቢያ ሆኖ መቅረቱን ነው። እንዲህ የተማረ ሰው እግሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ማን እንደ ጠራው አያውቅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ጨፋሪ ሊሆን የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ ከከበሮው ተቀምጦ ጽኑውን ምት መጠበቅ ይማር። የመንደሩ መቺ ሽማግሌ ለትርኢት ብቻ ሳይሆን እንደ ማንኛውም መምህር ተከብሮና ተከፍሎት ይጋበዝ። መድረኩም ከሥርዓቱ ያስቀረውን ነገር ለተመልካቹ ሳይሸሽግ ይንገር።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። ራስ ተፈሪያውያን የሚመቷቸው ሦስቱ ከበሮዎች፥ ባስ፥ ፈንዴና ሪፒተር፥ ከኩሚናና ቡሩ ከሚባለው ሌላ የጃማይካ ምት የወረሱት አላቸው፤ በሻሸመኔ የሰፈሩትም ይዘዋቸው መጥተዋል። በዚያም ፈንዴ ይጠብቃል፥ ሪፒተር ይናገራል። ወደዚያ የሚሄድ ጓደኛችን ጭፈራውን ከማየቱ በፊት ጆሮውን ለፈንዴ ይስጥ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።