ትንሿ የእጅ መቅዘፊያ፦ በታንኳ ዓሣ ለሚያጠምዱ



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ከአንድ ክንድ ብዙም ስለማይረዝም መሣሪያ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠሮች የምትገኙ አብዛኞቻችሁ በደጃችሁ ሐይቅ ስለሌለ፣ ነገሩ እናንተን የሚመለከት ላይመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ከእናንተ ዘንድ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቀርከሃ በሚበቅልበት በእንጅባራ ደጋ አልፎ፣ በዳንግላ በኩል ጣና ይደርሳል። ለመሣሪያው የሚያስፈልገው እንጨት፣ ቀርከሃና የአናጢ እጅ ያለው እንግዲህ በእናንተው መንገድ ላይ ነው።

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ የሚጠመደው በታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ መሰል ስለ ሆነ፣ ተጠቅልሎ ሲታሰር ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ታንኳውን ወደ ደረቅ ስቦ ያደርቀዋል፤ እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግለውም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለማቋረጥ ያሠራቸው ራ የተባሉት ሁለት መርከቦች የታሰሩት ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ሁለተኛይቱ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደርሳለች። ይህን የምናነሣው የእኛ ሰዎች የእጅ ሥራ ኋላ ቀር ነው እየተባለ ሲናቅ ብዙ ጊዜ ስለምንሰማ ነው።

ታንኳ የሚቀዘፈው በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው። ቀዛፊው ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ እያፈራረቀ ውሃውን ይገፋል። ለመንገድ ይህን የሚተካከል የለም፤ ችግሩ የሚመጣው ከመረቡ ዘንድ ሲደረስ ነው። ዓሣ አጥማጁ ማታ የጣለውን መረብ ጠዋት ሲያነሣ አንድ እጁ መረቡን ይስባል፣ ሌላው ቆሮሶውን ወይም አምባዛውን ከመረቡ ያላቅቃል። በዚያች ሰዓት ነፋስ ከመጣ ታንኳው ይዞራል፣ መረቡም ከሥሩ ይጠመጠማል። ሰውየው ዘንጉን ለማንሣት መረቡን ይለቃል፣ መረቡን ለመያዝ ዘንጉን ይጥላል። ብቻውን የወጣ ሰው ደግሞ የሚረዳው ሦስተኛ እጅ የለውም።

በውጭ አገር ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችም ይኸው ችግር ገጥሟቸው፣ በአንድ እጅ የምትያዝ አጭር መቅዘፊያ መጠቀም ጀምረዋል። አንዱ እጅ ዘንጉን ወይም መረቡን እንደ ያዘ፣ ሌላው በትንሿ መቅዘፊያ ጀልባውን ባለበት ያቆያል። ይህች መሣሪያ ለታንኳም ትሠራለች። ረጅሙን ዘንግ አትተካም፤ በእርሷ ብቻ ተማምኖ ከዳር የሚርቅ ሰው ክንዱ ቶሎ ይዝላል።

አሠራሯን ዘርዘር አድርገን እንንገር። ጠቅላላ ርዝመቷ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚህ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ የሚገፋው ሰፊ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ምላስ እንለዋለን። የምላሱ ስፋት ከ14 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ምላሱ በሰፋ ቁጥር ብዙ ውሃ ይገፋል ብሎ የሚያሰፋው ሰው አለ፤ ውሃውን የሚገፋው ግን አንድ የእጅ አንጓ ብቻ ስለ ሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሕመሙ ይነግረዋል። እጀታው ድቡልቡል ሆኖ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍር፤ ጫፉ ላይ እርጥብ እጅ እንዳያመልጠው ጉብ ያለ ነገር ይቅርለት።

ለእንጨቱ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም ይታዘዛል። ነገር ግን ለዚህች መሣሪያ ብሎ ዋንዛ የሚቆርጥ ሰው አንደግፍም። ከአናጢ ቤት የሚተርፍ የጣውላ ቁራጭ ይበቃል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ቢገኝም ይከብዳል፣ ሲደርቅም መሰንጠቅ ይወዳል። ጣውላውን ስትመርጡ የእንጨቱ ሥር ከእጀታው እስከ ምላሱ ጫፍ በቁመት የሚሄድ መሆኑን ተመልከቱ፤ ሥሩ አግድም ከሆነ በመጀመሪያው ከባድ ግፊት አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል። ምላሱና እጀታው የሚገናኙበትን አንገት ቀስ በቀስ አቅጥኑት እንጂ በአንድ ጊዜ አትሞርዱት። መሃሉ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ስለት ያለው ጠርዝ መረብ ይበጥሳል፣ የታንኳውንም ደንገል ይፍቃል። በምላሱ ጫፍ አንዲት ጣት የምታስገባ ክብ ቁርጥ ብታወጡ፣ የመረቡን ገመድ ወደ ራስ ለመሳብ ታገለግላለች።

ውሃ እንዳይጠጣ የተልባ ዘይት በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀብቶ በየመካከሉ ማድረቅ ነው። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ አጨማዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ዘርግታችሁ አድርቁት። ምላሱን ቀይ ወይም ብጫ ቀለም ብትቀቡት፣ ውሃ ላይ ሲወድቅ ከሩቅ ይታያል።

አናጢ የሌለበት ሰውስ? ሦስት ዓመት የሞላውና በጥላ የደረቀ ቀርከሃ ወስዶ፣ አንጓው በመሃል እንዲውል አድርጎ ይቁረጥ። አንዱን ጫፍ እስከ አንጓው ድረስ ይሰንጥቅ፤ ከአንጓው ሥር በሲባጎ አጥብቆ ይሰር፤ ስንጥቁ ከዚያ አያልፍም። ከአሮጌ ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ በስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ፣ በሁለት ቦታ በስቶ በሽቦ ይሰር። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። መልኳ አያምርም፤ ሥራዋን ግን ትሠራለች።

አጠቃቀሟን በቃል ማስተማር ያስቸግራል፤ ጥቂት እንበል። ምላሱን ከታንኳው ጎን ራቅ አድርጋችሁ ነክራችሁ ወደ ራሳችሁ ብትስቡት፣ ታንኳው ወደዚያው ጎን ይጠጋል። ከፊት ወደ ኋላ ብትገፉ ይሄዳል፤ ከኋላ ወደ ፊት ብትገፉ ይቆማል። ምላሱን ከበስተኋላ ቀጥ አድርጎ መያዝ አቅጣጫ ያስጠብቃል። ነፋስ ካለ መረቡን ማንሣት የሚጀመረው ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ነው፤ ያን ጊዜ ፊት ለነፋሱ ይሆናል፣ ነፋሱም ታንኳውን በመረቡ ላይ አይጭነውም። መቅዘፊያዋ በአጭር ገመድ ከታንኳው ጋር ትታሰር። ረጅም ገመድ ከመረብ ጋር ይጠላለፋል፣ በእጅ አንጓ ላይ የታሰረ ደግሞ ሰው ቢወድቅ አደጋ ይሆናል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይነሣል፣ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ፣ መረብ በጠዋት አንሥቶ መመለስ ከማንኛውም መቅዘፊያ የበለጠ ጥበቃ ነው። ጉማሬ ባለበት ስፍራ ትንሿ መቅዘፊያ ከንቱ ናት፤ ቶሎ መራቅን የሚችለው ረጅሙ ዘንግ ነው። ብልሃርዝያም በሐይቁ ዳር አለ፤ በባዶ መዳፍ ከመቅዘፍ መቅዘፊያ ቢሻልም፣ ዓሣ አጥማጅ ከውሃ ስለማይለይ በጤና ጣቢያ መመርመሩን አይተው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ኡርክ ከተባለችው የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች ከተማ ከመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ጋር ሆነው በጣና የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገቡ። በዚህም ገበያው ሰፋ፣ ዓሣ ወደ ሩቅ ከተሞች ደረሰ። በኋላ ግን፣ ለመራባት በወንዞች አፍ የሚሰበሰቡት የሐይቁ ነጭ ዓሦች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እጅግ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የታንኳ አጥማጁ በዳር እንደ ቀረ ነው፤ ነዳጅ መግዛት አይችልም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መንገዱን ይዘጋበታል። እርሱ የሚሻው ከእጁ የማይወጣ፣ ሲሰበር በዚያው ቀን ራሱ የሚጠግነው ነገር ነው። ስለዚህ መቅዘፊያ ገዝቶ ከማደል ይልቅ ሦስት አራት ናሙና ሠርቶ ለአጥማጆቹ መስጠትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደ ለወጡባት ማየት ይሻላል። እጀታውን ያሳጥሩት ይሆናል፤ ጨርሰው ቢተዉአትም ምክንያታቸውን ጠይቋቸው።

በጉባኤያችሁ ስታጠኑት እነዚህን ተወያዩባቸው፦ በአካባቢያችሁ ከአናጢ ቤት የሚተርፍ እንጨት የት ይጣላል? በወረዳችሁ ብቻውን ውሃ ላይ የሚሠራ ወይም ወንዝ የሚያሻግር ሰው አለን? ሥራው በሁለት እጅ የሚያልቅ ነውን? ሄዳችሁስ ጠይቃችሁታልን?