ጊዜያዊ የተጠቃሚ አካውንት በጋራ የሊኑክስ ኮምፒውተር፦ የማብቂያ ቀን፣ የይለፍ ቃልና የፋይል ባለቤትነት

በርካታ ተመራማሪዎች በሚጋሩት የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ለአንድ የምርምር ወቅት ብቻ የሚከፈቱ አካውንቶች ባለቤቶቻቸው ከሄዱ በኋላም ክፍት ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አካውንት በተወሰነለት ቀን በራሱ የሚዘጋበትን መንገድና በአፈጻጸሙ የሚያጋጥሙ ሦስት ስሕተቶችን ማሳየት ነው።

1. የማብቂያ ቀን

አዲስ አካውንት «ዩዘርአድ» በተሰኘው ትዕዛዝ ሲከፈት «ኤክስፓየርዴት» በተባለው አማራጭ የማብቂያ ቀን ይሰጠዋል፤ ቀድሞ ለተከፈተ አካውንት ደግሞ «ቼጅ» የተሰኘው ትዕዛዝ ያገለግላል። ሥርዓቱ ቀኑን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቈጠሩ ቀናት ብዛት ለውጦ «ሻዶው» በተባለው ፋይል ስምንተኛ መስክ ላይ ይመዘግበዋል።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚነሣው ከዘመን አቈጣጠር ልዩነት ነው። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት 2017-10-30 ተብሎ ቢጻፍ፣ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2017 ብሎ ስለሚረዳው አካውንቱ ገና ሲከፈት ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ትክክለኛው አቻ 2025-07-07 ሲሆን በፋይሉ ውስጥ 20276 ሆኖ ይመዘገባል። ይሁን እንጂ መግባት የሚከለከለው ከዚያው ቀን አንሥቶ ነው። ቀኑም በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚቈጠር በኢትዮጵያ እገዳው የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው ሰኔ 30ን ሙሉ ቀን እንዲሠራ ከተፈለገ መጻፍ ያለበት 2025-07-08 ነው።

2. የይለፍ ቃልን መቈለፍ

ሁለተኛው ስሕተት የይለፍ ቃልን መቈለፍ አካውንትን ከመዝጋት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። የይለፍ ቃሉ ቢቈለፍም በኤስኤስኤች ቁልፍ የሚገባ ተጠቃሚ መግባቱን ሊቀጥል ይችላል። የአካውንቱ ማብቂያ ቀን ግን ሁለቱንም መንገዶች ይዘጋል። ሆኖም አስቀድሞ የተጀመረን ሥራ ስለማያቋርጥ፣ በሂደት ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ተለይተው መቆም አለባቸው።

3. የፋይል ባለቤትነት

ሦስተኛውና ከባዱ ስሕተት አካውንትን ቸኵሎ መሰረዝ ነው። ፋይል የባለቤቱን ስም ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። «ዩዘርዴል» ያለ ተጨማሪ አማራጭ ሲታዘዝ አካውንቱን ያጠፋል እንጂ የተጠቃሚውን ማውጫ አይነካም። «ዩዘርአድ» በተለመደው አሠራሩ በሥራ ላይ ካለው ከፍተኛ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ስለሚሰጥ፣ የመጨረሻው አካውንት፣ ለምሳሌ ቁጥር 1012፣ ከተሰረዘ ቀጣዩ ገቢ ይህንኑ ቁጥር ይወርሳል። በዚህም ምስጢርነቱ ሊጠበቅ የሚገባው የቃለ መጠይቅ መረጃ ሳይታሰብ የማያውቀው ሰው ንብረት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመከራል፦ አካውንቱ ሲከፈት የማብቂያ ቀኑን መወሰንና በ«ቼጅ» ማረጋገጥ፤ ቀኑ ሲደርስ በሂደት ላይ ያሉ ሥራዎችን ማቆም፤ ፋይሎቹን በ«ፋይንድ» ለይቶ በ«ቾውን» ለምርምሩ ኀላፊ ማስተላለፍ፤ በመጨረሻም አካውንቱን መሰረዝ። ርክክቡ እስኪጠናቀቅ የተዘጋ አካውንት ሳይሰረዝ ቢቈይ መለያ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ከመተላለፍ ይጠብቃል።