ጅቡ ሄዷል፤ ጩኸቱ ይብቃ!

ማታ ነው። ከሐረር ጁገል ግንብ ውጭ፣ ፈላና በር ቆመሃል። የጅብ መጋቢው ጫፉ ላይ ሥጋ ያለበት እንጨት አስጨበጠህ። ከጨለማው ጅብ ብቅ አለ። ልብህ ምን አለ?

ድው! ድው! ድው!

ድንቅ አሠራር ነው። ከኩላሊቶችህ አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ለቀቁ። ጉበትህ ስኳር ወደ ደም ላከ። ጡንቻህ ተዘጋጀ። ጅቡ ሥጋውን ነጥቆ ሲሄድ ኮርቲሶሉም ቀስ በቀስ ይወርዳል።

የቤት ኪራዩስ? የአለቃህ ቁጣስ? እኩለ ሌሊት ላይ የምትከፍተው ስልክስ? ካለፉ በኋላም ታብሰለስላቸዋለህ፤ ኮርቲሶሉም ቶሎ አይወርድም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው!

አሜሪካዊው ተመራማሪ ብሩስ ማክዌን እ.ኤ.አ. በ1968 የአይጥ አንጎል ሲመረምር፣ የጭንቀት ሆርሞን ሂፖካምፐስ ውስጥ ተቀባይ እንዳለው አሳየ። ሂፖካምፐስ የትዝታና የአቅጣጫ ማዕከል ነው፤ በጁገል 368 ጠባብ መንገዶች መካከል እንዳትጠፋ የሚመራህ እሱ ነው። በእንስሳት እንደታየው ጭንቀት ሲደራረብ የሂፖካምፐስ ነርቭ ሴሎች ቅርንጫፎች ያጥራሉ። የፍርሃት ማዕከሉ የአሚግዳላ ቅርንጫፎች ደግሞ ይንሰራፋሉ። ቁልፍህ ጠፍቶብህ የአለቃህ ስድብ ያልጠፋብህ ለምን ይመስልሃል?

አሁን ደስ የሚለውን ስማ። አይጦቹ ከጭንቀት ሲያርፉ፣ ያጠሩት የሂፖካምፐስ ቅርንጫፎች መልሰው አደጉ!

ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ አረጋውያን በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ተራመዱ። ከዓመት በኋላ የሂፖካምፐሳቸው መጠን በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ። በዚያ ዕድሜ! አንተስ ምን ትጠብቃለህ?

ሐረር ለእግር የተሠራች ከተማ ናት። ከፈረስ መጋላ ተነሣ። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የልብስ ስፌቱን ድምፅ እየሰማህ ወደ ግድር መጋላ ውረድ። የማታውቀው መንገድ ውስጥ ግባ። ተሳሳት፣ ተመለስ፣ ሞክር።

ጭንቀትህን ብቻህን አትሸከም። አፎቻ የሚባለው የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር ሠርጉንም ሐዘኑንም አብሮ የሚሸከመው በከንቱ አይደለም።

ደግሞ ተኛ! እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ምርቃና እንቅልፍህን ይሰርቃል፤ እንቅልፍ ያጣ አካል ኮርቲሶሉን ማውረድ ይቸግረዋል። ይህን ለወዳጄ እንደምነግረው ነው የምነግርህ።

ስልክህን ኪስህ ክተት። ጫማህን አጥብቅ። ዛሬውኑ፣ ከመግሪብ በፊት፣ 40 ደቂቃ ተራመድ!