እህልን ማክበር እህልን መጠበቅ ነው
ለሕፃናት ስለ ምግብ አያያዝ የሚሰጥ ትምህርት



በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው፣ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ከትእዛዝ ውጭ ያሳደሩት መና ተልቶና ሸትቶ ተገኘ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ደግሞ ዮሴፍ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ በረኀቡ ዘመን ሕዝብን መገበ። የሚቆይ ምግብ አለ፤ የማይቆይም አለ። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ለሕፃናት ማስተማር የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ተግባር የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

1. ቤት ጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው

በቢቸናና በሞጣ ገጠር በመኸር ወራት ወላጆች ወደ ማሳና ወደ አውድማ ሲወጡ ቤት የሚጠብቀው ልጅ ነው። መሶቡን የሚከፍተውና ታናሾቹን የሚያበላው እርሱ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ስለማይጾሙ እናት የእነርሱን ምግብ በጠዋት ሠርታ ትወጣለች፤ ያም ወጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ለብ እንዳለ ይቆያል። ለብ ያለ ምግብ ለዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚራቡበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት ቁልፎች፣ የበሰለ ምግብ ከምድጃ ወርዶ ከ2 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ እንዳይቆይ ይመክራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በተበከለ ምግብ ምክንያት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 125,000 ሕፃናት በየዓመቱ በዓለም ላይ ይሞታሉ።

2. የካህን ቃል የሚያስፈልግበት ስፍራ

ሕዝባችን እህል መጣልን እንደ ነውር ያያል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከዚሁ የተነሣ የሻገተው እንጀራ ሻጋታው ተፍቆ ይበላል፤ አለዚያም ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ወይም ደጃፍ ለቆመ የአብነት ተማሪ ይሰጣል። በላይ የሚታየው ሻጋታ ሥሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ ምግቡ ቢበስልም አይጠፋም፤ ላም ብትበላውም በወተቷ ተመልሶ ወደ ልጅ ይደርሳል። በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎች የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ያደጉ ሊቃውንት ምእመናን በሰጡት ቁራሽ ተምረዋል። ለእነርሱ የሚሰጠው ቁራሽ ለራሳችን ልጅ የምንመርጠው ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ካህኑ በግልጽ ይናገር፦ እህልን ማክበር የተበላሸውን መብላት ሳይሆን እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። የሻገተውን ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ኃጢአት አይደለም። የሚያሳዝነው እስኪሻግት ድረስ መተዉ ነው።

3. ለሕፃናት የሚሰጡ አራት ትምህርቶች

ሀ. እንጀራ ሳይበርድ አይከደንም። እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ እርጥበቱም ሻጋታን ይጠራል። መሶቡ ፍርፋሪው ተራግፎ ፀሐይ ይመታው። ቀድሞ የተጋገረው ቀድሞ ይበላ።

ለ. የቆየ ወጥ በደንብ ሳይፈላ ለታናሽ አይሰጥም። እሳቱን ትልልቆቹ ልጆች ያንድዱ፤ ትንንሾቹ ግን ታላቅ ይጥሩ። የሸተተ ወጥ ቢፈላም አይድንም። ከሁሉ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ሐ. እህል ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የጤፍ ቅንጣት ትንሽ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ባቄላን፣ ሽምብራን፣ ስንዴንና በቆሎን ግን ይፈጃቸዋል። በርበሬም እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ልጆች ጎታውንና ጎተራውን እየዞሩ የአይጥ ቀዳዳና የነቀዝ ዱቄት ካዩ ለወላጅ ይናገሩ።

መ. መርዝ ከምግብ ጋር አያድርም። ይህ ትምህርት ሕይወት የሚያድን ነው። እህል ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ መድኃኒት እንክብል የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህም ጋዝ ማርከሻ የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ልጅ እንክብሉን ካየ አይንካው፤ ወጥቶ ታላቅ ይጥራ። በሃይላንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ፣ ልጁ ውኃ መስሎት እንደሚጠጣው ይወቅ። የኬሚካል ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ዘይት ወይም ውኃ አይያዝበትም። ከኬሚካሉ ይልቅ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ውስጡ ያለው አየር የማያስገባ ጆንያ ይመረጣል፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታልና።

4. አሰጣጡ

ሕፃናት ከሚነገራቸው ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ሐሙስ ዕለት አንዱን ቁራሽ እንጀራ ትኩስ እንዳለ በፌስታል ቋጥሩ፤ ሌላውን አብርዳችሁ በደረቅ መሶብ አኑሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤት ሁለቱን አሳዩአቸው፤ ፌስታሉ ግን አይከፈት። የቱ ቀድሞ እንደሚሻግት በየዕለቱ እየተከታተሉ ምክንያቱን ራሳቸው ይናገሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ለሳምንቱ አንድ ሥራ ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ አንዱ መሶብ ፀሐይ ያስመታ፣ ሌላው ጎታውን ይመልከት። በሚቀጥለው እሑድ ያደረገውን ይንገር።

5. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የግብርና ባለሙያ ለአንድ እሑድ ጋብዙ። ወላጆች የነቀዝ መድኃኒቱንና ነጭ ጋዙን የት እንደሚያስቀምጡ ጠይቁ። የደጀ ሰላሙን ጓዳም መርምሩ፤ ከዝክርና ከማኅበር የተረፈው ምግብ እንዴት ይያዛል? ለተማሪዎችስ በስንተኛው ቀን ይደርሳል? ልጆች በቤታቸው እንዲያደርጉ የምናስተምራቸውን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲያዩት ትምህርቱ ይጸናል።

እግዚአብሔር የጎተራችንን በረከት ይጠብቅልን፤ እኛም የሰጠንን እንድንጠብቅ ያስተምረን። አሜን።