ስለ ሹራብ ሥራ ትምህርት፤ የላላ እጅ የሚቃናበት መንገድ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን የሚወጣ ሰው፣ አገሩ ከፍ ባለ መጠን ብርዱ እየበረታ እንደሚሄድ ያውቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያም ወዲያ ያሉት የግጦሽ ሜዳዎች ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። በዚያ አገር ማለዳ በጎች ይዞ ለሚወጣ ሕፃን ጆሮውን የሚሸፍን ቆብ ጌጥ አይደለም። ስለዚህም በደጋው ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ሰዓት ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ለልጁ ፈጥኖ የሚጠቅመው የሹራብ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በጉም ጠጉሩም ከደጁ አለና።

ይሁን እንጂ ልጆች የመጀመሪያ ቆባቸውን ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንደዚህ ነው፤ ቆቡ ዐይን ላይ ይወርዳል፤ በቀለበቶቹ መካከል ጣት ይገባል፤ ነፋሱም እንደ ወንፊት ያልፍበታል። ልጁ ያፍራል፤ አባት «ጠጉሩ በከንቱ ባከነ» ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጠጉሩን ለትምህርት ቤት አይሰጥም። የላላ ሥራ ጉዳት በአንድ ቆብ የማያበቃው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው አስተማሪ የሚሰጠው ምክር «ክሩን ሳብ፤ አጥብቅ» የሚል ነው። ምክሩ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ያብሳል እንጂ አያቃናውም። ልጁ እንደ ታዘዘው እያንዳንዱን ቀለበት ሠርቶ ክሩን ይጎትታል። አንዳንዶቹ ቀለበቶች እንደ ቋጠሮ ይጠብቃሉ፤ በሚቀጥለው ተርታ ላይ ዘንጉ አልገባ ይላቸዋል፤ በግድ ሲያስገባውም በአጠገባቸው ያሉት ይዘረጋሉ። እጁ ሲደክም ደግሞ መጎተቱን ይተወዋል፤ ሥራውም ከፊተኛው ይልቅ ይላላል። እንዲህ ያለው ሹራብ ከላላው ይልቅ ያስጠላል፤ የላላው ቢያንስ አንድ ዓይነት ነው።

ነገሩን ለማቃናት አስቀድሞ ቀለበት መጠኑን ከወዴት እንደሚያገኝ ማወቅ ይገባል። ቀለበት መጠኑን የሚያገኘው ከሚቀመጥበት ዘንግ ውፍረት ነው። የዘንጉ ጫፍ ሹል ነው፤ ወገቡ ግን ወፍራም ነው፤ አዲሱ ቀለበት በወገቡ ላይ ዙሪያውን ነክቶ ሲቀመጥ ልኩ ይደርሳል። ታዲያ የጀማሪው ሥራ የሚላላው ለምንድር ነው ቢባል፣ አዲሱን ቀለበት በአሮጌው ውስጥ ካወጣው በኋላ ቀኙን ዘንግ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ስለሚያነሣ ነው። ዘንጉ በተነሣ ቁጥር ከእጁ ተጨማሪ ክር ይከተላል፤ ያ ክር ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የሁለቱ ዘንጎች ጫፍ እርስ በርሱ ተቀራርቦ እንዲሠራ፣ አሮጌዎቹ ቀለበቶችም ወደ ግራው ዘንግ ጫፍ ተጠግተው እንዲጠብቁ ማድረግ ከሺህ ጊዜ «አጥብቅ» ማለት ይበልጣል። አስተማሪው በልጁ ፊት ሳይሆን ከጀርባው ቆሞ፣ እጁ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ቢመለከት ምክንያቱን ወዲያው ያገኘዋል።

ሁለተኛው ነገር የክሩ አካሄድ ነው። ክሩ ከድቡልቡሉ ተነሥቶ በባዶ እጅ መካከል ቢያልፍ የሚይዘው የለም። በትንሿ ጣት ላይ አንድ ዙር ይዙር፤ ከዚያ በሚቀጥሉት በሁለቱ ጣቶች ሥር ይለፍ፤ በመጨረሻም በሌባ ጣት ላይ ወጥቶ ወደ ዘንጉ ይሂድ። እንደዚህ የተያዘ ክር ጣቶቹን እየታከከ ስለሚያልፍ ማንም ሳይጎትተው ልኩን ይጠብቃል። ክሩ አሁንም በቶሎ የሚንሸራተት እንደ ሆነ በትንሿ ጣት ላይ ሁለት ጊዜ ይዙር፤ ሥጋ እስኪቆርጥ ድረስ የሚይዝ እንደ ሆነም ዙሩን ትቶ በጣቶቹ መካከል እየተጠላለፈ ብቻ ይለፍ። የሰው እጅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በላብ የሚርስ እጅ ክርን ይይዛል፤ በደረቅ እጅ ላይ ይንሸራተታል። በደባርቅ ማለዳ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ደግሞ ክሩ መኖሩ እንኳ አይታወቀውም፤ እጁን ፀሐይ ላይ ካሞቀ በኋላ ቢጀምር ይሻላል።

ይህን ነገር የጎንደር ፈታይና ሸማኔ ከትምህርት ቤቱ አስቀድመው ያውቁታል። ፈታይዋ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ አመልማሎውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቷን ስታሾር፣ ክሩን የሚያቀጥነው የክንዷ ጉልበት አይደለም፤ ጣቶቿ አመልማሎውን የሚለቁበት ልክ ነው። ብትጎትት ይበጠሳል፤ አብዝታ ብትለቅ ይወፍራል። ሸማኔውም እግሩን ከጉድጓዱ አውርዶ መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲወረውር፣ ማጉን አብዝቶ ቢስበው የኩታው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፤ ዝም ብሎ ቢለቀው ደግሞ ክሩ በጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማጉ ከቀሰሙ ላይ እየተፈታ በራሱ ልክ እንዲወጣ ያደርገዋል እንጂ በየውርወራው አይታገለውም። የሹራብ ተማሪ ትንሽ ጣት የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች አንዲት ጥሩ ፈታይ ወይም አንድ ሸማኔ ለአንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመጡ ቢያደርጉና ልጆቹ ጣታቸውን ብቻ እንዲመለከቱ ቢታዘዙ፣ ከብዙ ቃል የበለጠ ይማራሉ።

በጎንደር ዙሪያ ይህን ለማድረግ ባለሞያ አይታጣም። የአዲስ ዓለም እስላሞች ከጥንት ጀምሮ ከንግዱ ጋራ ሽመናን ይዘው ኖረዋል። ከከተማው በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ባለችው በወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤልም፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው አስቀድሞ፣ በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። ሆኖም ሰው ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ይንቅ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ቢያዩ ነው። ሸማኔ በትምህርት ቤት ውስጥ እንደ አስተማሪ ሲቆም ልጆች ከክሩ አያያዝ ሌላ የሚማሩት ነገር አለ።

በዚህ አገር መፍተል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሹራብ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። በስሜን መንገድ ዳር ከበግ ጠጉር የተሠራ ቆብ ለተጓዥ ሲሸጡ የሚታዩት ብዙዎቹ ወንዶች እረኞች ናቸው፤ እንግዲህ የሹራብን ትምህርት ለልጃገረዶች ብቻ መስጠት ከአገሩ ልማድ ጋራ እንኳ አይስማማም። ቃሉ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በግብፅና በሱዳን የእግር ልብስ ማለት ነው፤ የአገራችን ሰውም «የእግር ሹራብ» ሲል የፊተኛውን ትርጉም ሳይለቅ ይናገራል። በዓለም ከሚታወቁት ጥንታውያን የሹራብ ሥራዎች መካከልም በግብፅ የተገኙት የእግር ሹራቦች ይቈጠራሉ።

ወደ ነገሩ እንመለስና፣ እጁ ተቃንቶ ሥራው አሁንም የላላ እንደ ሆነ ዕቃውን መመርመር ይገባል። ብረት ያንሸራትታል፤ እንጨት ግን ቀለበቱን ያዝ ያደርጋል። ስለዚህ ለጀማሪ ከብስክሌት ራጂ ይልቅ ከቀርከሃ ወይም ከወይራ የተጠረበ ዘንግ ይሻላል፤ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ ሲለሰልስ ቅቤ በነካው ጨርቅ ይታሽ፤ ከዚያም ዘንጉ ክሩን እንዳያቆሽሽ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጠረግ። ሁለቱ ዘንጎች እኩል ውፍረት ይኑራቸው። ለክሩ ወፍራም የሆነ ዘንግ የጠንቃቃውን ልጅ ሥራ እንኳ ያላላዋል፤ እንዲህ ሲሆን ልጁን መገሠጽ ግፍ ነው።

ክሩም የራሱ ጠባይ አለው። ከከተማ ገበያ የሚገዛው ክር አንድ ዓይነት ውፍረት ስላለው ለመማሪያ ይመቻል። በቤት የተፈተለው የበግ ጠጉር ግን አንድ ቦታ ቀጥኖ አንድ ቦታ ይወፍራል፤ በቀጠነው ቦታ ላይ ቀለበቱ የላላ ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነጠላ ክሮችን አጋጥሞ፣ እንዝርቱን መጀመሪያ ከተፈተሉበት በተቃራኒው በኩል እያሾሩ አብሮ ማክረር ነው። የአንደኛው ቅጥነት በሁለተኛው ውፍረት ይሸፈናል፤ ክሩም ጠንክሮ ይወጣል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ምክንያት አለ። በሁለት ዘንግ ሲሠራ አንዱ ተርታ ከፊት በኩል፣ የሚቀጥለው ከጀርባ በኩል ይሠራል። በጀርባው ተርታ ክሩ ዘንጉን ለመዞር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ የብዙ ሰው እጅ በዚያ በኩል ይላላል። ሥራው በፀሐይ ፊት ሲያዝ ተርታዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በመካከላቸው ክፍተት የሚታይ እንደ ሆነ ምልክቱ ይህ ነው። እንዲህ የሆነበት ልጅ ለጀርባው ተርታ ጥቂት ቀጠን ያለ ዘንግ ቢይዝ ጥፋቱ ያለ ትግል ይጠፋል፤ ዘንጎቹ እኩል ይሁኑ የተባለውም ለዚህ ልጅ ብቻ ይቀራል። በተርታው መካከል ሥራ አቋርጦ ማስቀመጥም በዚያ ቦታ ያሉትን ቀለበቶች ያሰፋል፤ ደወል ቢደወል እንኳ ተርታው ይጨረስ።

ቆብ ከመጀመሩ በፊት የሙከራ ቁራጭ ይሠራ። 24 ቀለበት ይሰካና ቁራጩ አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ ይሠራ፤ ታጥቦም ይድረቅ። ከዚያ ጠርዞቹን ትቶ በመካከሉ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ይቈጠር። የራሱ ዙሪያ 52 ሳንቲሜትር ለሆነ ልጅ ቆቡ 50 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃዋል፤ ሹራብ ይለጠጣልና። በ10 ሳንቲሜትር 18 ቀለበት የሚወጣ ከሆነ 90 ቀለበት ይሰካል። ይሁን እንጂ እጁ የላላ ልጅ በ10 ሳንቲሜትር 15 ቀለበት ብቻ ስለሚያወጣ፣ ያው 90 ቀለበት 60 ሳንቲሜትር ይሆንበታል፤ ዐይን ላይ የሚወርደው ቆብ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ «75 ቀለበት ስካ» ብሎ ሒሳቡን ብቻ ማስተካከል ይቻላል፤ ቆቡም ለራሱ ይልካል፤ ነፋሱ ግን ማለፉን አይተውም። ስለዚህ መለወጥ የሚገባው አስቀድሞ ዘንጉ ነው፤ ከፊተኛው ቀጠን ባለው ይለወጥና ሙከራው ይደገም። ይህን ስሌት በሒሳብ ሰዓት የሚያሠራ አስተማሪ ስለ ክፍልፋይና ስለ ንጽጽር ትምህርት ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም።

በተሠራው ሥራ መካከል አንድ ቀለበት ብቻ ሰፍቶ ቢገኝ መፍታት አያሻም። በዘንጉ ጫፍ የአጠገቡን ቀለበት ቀስ ብሎ ሳብ በማድረግ ትርፉ ወደዚያ ይተላለፋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ እንደዚህ ሲባል ትርፉ በስድስት ወይም በሰባት ቀለበት ላይ ተከፋፍሎ አይታይም። ተርታው ሁሉ የላላ ከሆነ ግን ይፈታ። የሹራብ ሥራ ከሽመና የሚለይበት አንዱ ነገር ክሩ ሳይበላሽ መፈታቱ ነው፤ ልጁም መፍታት ቅጣት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነገረው። የተፈታው ክር ተሸብሽቦ ስለሚቆይ በውሃ ተነክሮ፣ ጫፉ ላይ ቀላል ድንጋይ ታስሮለት ተሰቅሎ ይድረቅ።

ልጁ ቆቡን ሰፍቶ ከጨረሰው በኋላ የላላ ሆኖ ቢገኝና ክሩ እውነተኛ የበግ ጠጉር ቢሆን አንድ መንገድ ይቀራል። በቱኒዝያ ሸሺያ የሚባለው ቀይ ቆብ ሆን ተብሎ ሰፊና ላላ ተደርጎ በሹራብ ይሠራል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየታሸ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፤ ቆቡም ወደ ልኩ ይኰማተራል። የስሜን ልጅ ቆብም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከገበያ የተገዛው ክር ብዙ ጊዜ ጠጉር አይደለምና አስቀድሞ ይፈተን፤ ከክሩ ጫፍ ጥቂት ተቆርጦ በእሳት ሲነካ የተቃጠለ ጠጉር የሚሸት ከሆነ ጠጉር ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ የሚሆን ከሆነ በፋብሪካ የተሠራ ክር ስለ ሆነ በማሸት አይጠብቅም። ጠጉር የሆነው ቆብ እጅ ሊታገሠው በሚችል ሙቅ ውሃና በሳሙና ይታሽ፤ በየጊዜውም እየወጣ በልጁ ራስ ላይ ይለካ፤ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከጠበቀ አይመለስምና። ልኩ ሲደርስ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅና የራሱን ቅርጽ በያዘ ቅል ላይ ተደፍቶ በጥላ ይድረቅ።